ጥፍር የምታህል

«ለእነሱ ቁልፍ አልተቀረጸም» ሲባል መጋረጃ ሰፊዋ የሰማችው ባዶ ባልዲ አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ነው። ተናጋሪዋ ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታቸው ናት። በሯ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የሌላው ጎረቤት፣ የሹፌሩ ሚስት «ታዲያ ልጁን ሲያጣድፈውስ?» ብላ ስትጠይቃት ይሰማል። «ያንኳኳ፤ እንከፍትለታለን። ቁልፍ ከሰጠነው ግን እዚያው አልጋ መዘርጋቱ ነው። እኛስ ሰዎች አይደለንም? ትናንት ልጄ ትምህርት ቤት የሄደችው እግሯን አቆላልፋ ነው» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ። መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ዞር ብላ አየች። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ትናንት ያልነበረ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ቢጫ ነው፤ የሱቅ ዘይቱ ገና አልለቀቀውም። በዚህ ፎቅ አራት ቤተሰብ ይኖራል፤ መጸዳጃው ግን አንድ ነው። መናደድ እንዳለባት አወቀች። በሩን በርግዳ ገብታ ሁለት ሦስት ቃል መወርወር ያለባት አሁን ነው። ንዴቱን ግን ፈልጋ አጣችው፤ ብዙ ተቀምጦ ለተነሣ ሰው እግሩ እንደሚጠፋበት ጠፋባት። ባልዲዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ከሥራ ቦታ በተራረፉ ጨርቆች የሰፋችው መጋረጃ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወዲህ ምድጃው፣ ጠረጴዛውና እሷ ከእናቷ ጋር የምትተኛበት አልጋ አለ፤ ከወዲያ የወንድሟ ነው። ወንድሟን ጓደኞቹ «ቤዝ» ይሉታል። ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ጋ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ትልቁን ሳጥን ለብቻው ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አሁን ያ ሁሉ ትከሻ ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል። አልጋው ላይ ተጠቅልሎ፣ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ወትፎ፣ ግድግዳውን ያያል። ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው፤ ቀበቶ ሆዱን ሲነካው አይችልም።

«ተቆልፏል» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«ማን ቆለፈው?» አለች እናቷ፣ ከምትጥፈው ካልሲ ቀና ሳትል።

«ጎረቤቶቹ። እኛ ቁልፍ የለንም።»

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተቸግሮ ነው» አለች። ከዚያ ከአልጋው ሥር ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አወጣችና በመጋረጃው ሥር ወደ ልጇ ገፋችለት። ሁለቱም ሴቶች ሌላ ነገር መስማት የፈለጉ ይመስል ሬዲዮኑን አዩ፤ ሬዲዮኑ ግን ተዘግቶ ነበር።

እናትየው ለጠየቃት ሁሉ «ብርድ ነው» ነው የምትለው። «ሌሊት ሌሊት ሲሠራ ኩላሊቱን ብርድ መታው።» ወፍራም ካልሲ ታለብሰዋለች፤ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሆዱ ላይ ታስቀምጥለታለች። መጋረጃ ሰፊዋ ከብርድ ሌላ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ጃኬቱን ስታጥብ የጥርስ ሳሙና ክዳን የምታህል ላስቲክ፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት ያለባት፣ ኪሱ ውስጥ አግኝታ ነበር። «የጓደኛዬ ነው» ብሏት ነበር፤ እሷም «እሺ» ብላ ነበር። ነገሩ እንደዚያ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሦስቱም ዙሪያውን እየዞሩ ያልፋሉ እንጂ ማንም አይረግጠውም። በዚያው ሌሊት ግን ቆርቆሮው ውስጥ ደም ታየ፤ ደም ብቻ ሳይሆን የረጋ ነገርም ነበረው። ጠዋት ለአለቃዋ ደውላ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። እናቷ «እኔ ቤት ልጠብቅ» ብላ ቀረች። ሆስፒታል አትወድም፤ ባሏን ወስዳ ባዶ እጇን የተመለሰችበት ቦታ ነው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ወንድሟ ከበሩ አጠገብ አልርቅም ብሎ እንደ ረዳት ተለጥፎ ቆመ፤ የሚወርዱ ሰዎች በክርናቸው ይገፉታል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ይተነፍሳል። መንገድ ላይ ወርደው፣ እሱ ግንባታው ከቆመ ሕንፃ ጀርባ ቆይቶ ሲመለስ፣ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ያዙ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ የተጠባባቂዎቹ አዳራሽ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ረጃጅም የብረት ወንበሮችና በሩ የማይቆለፍ መጸዳጃ ቤት ነበረው። ወንድሟ ገብቶ ወጣ፤ ጥቂት ተቀምጦ እንደገና ገብቶ ወጣ። በሦስተኛው ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። «እታለም፣ ለምን እዚህ ቤት አንከራይም?» አላት። መሳቅ እንዳለባት ገባትና ሳቀች። አጠገባቸው የተቀመጠ ሽማግሌ አብሮ ሳቀ፤ በምን እንደሳቁ ግን አልጠየቀም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኖቿ ሥር የእንቅልፍ ዕዳ አለ። ሆዱን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በመሣሪያው እያሸች ስክሪኑን ረዘም አድርጋ አየች። «ምን ሆነህ ነው?» አለችው። «ብርድ ነው» አላት። «ብርድ እንዲህ አያደርግም» አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «በአፍንጫ የምትስበው ነገር አለ?»

ወንድሟ እህቱን አያት። እህቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል አየች።

«አልፎ አልፎ» አለ።

«አልፎ አልፎ ማለት?»

«ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ከሥራ በኋላ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሲያመኝ ብቻ ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚያምህ?»

ትንሽ አሰበ። «ሁልጊዜ» አለ።

ዶክተሯ የሆዱን ቅባት እንዲጠርግበት ወረቀት ሰጠችው። ከዚያ ብዙ ጊዜ ደጋግማ የተናገረችው መሆኑ በሚያስታውቅ ድምፅ ነገረችው። ዱቄቱ በፋብሪካ የሚሠራ ማደንዘዣ ነው፤ በሐኪም እጅ ሲሆን ሰው ያስተኛል፣ ቀዶ ጥገናም ይሠራበታል፤ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ግን ምን እንደተቀላቀለበት የሚሸጠው ሰው ራሱ አያውቀውም። ወደ ሽንት ሲወርድ ፊኛውን ይልጠዋል፤ የተላጠው ሲጠግግ ይጠነክራል፤ እንደገና ይላጣል። «ፊኛ ሲሞላ የሚለጠጥ፣ ሲፈስ የሚሰበሰብ ነገር ነው። ያንተ መለጠጥ ትቷል። ግድግዳው ወፍሯል፤ ውስጡ የቀረው ቦታ ከግማሽ ብርጭቆ አይበልጥም። ለዚህ ነው እግርህ ከመጸዳጃ ቤት የማይርቀው። ቦታ ያጣው ሽንት ደግሞ ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊትህን መንፋት ጀምሯል» አለችው። «ሲያመኝ እሱን ስወስድ ግን ይተወኛል» አላት። «ይተውሃል፤ ማደንዘዣ አይደል? ያደነዝዝሃል። እየደነዘዝክ ግን እሱ ሥራውን ይሠራል። የምታስታግሰውን ሕመም የሚሠራው ራሱ ዱቄቱ ነው።»

«ጓደኞቼ ሁሉ ይወስዱታል። ምንም አልሆኑም።»

«የሆኑት አይነግሩህም» አለች ዶክተሯ። «ሱሪዬን አበላሸሁ ብሎ ለጓደኛው የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም። አንተ ነግረሃቸዋል?»

ወረቀቱን እጁ ውስጥ ጨመደደው። ዛሬ ቢያቆም ሊያገግም እንደሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ይድናል ብላ ግን እንደማትዋሸው ነገረችው። ካላቆመ ፊኛው ተቆርጦ ይወጣል፤ ሽንቱን ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይዞ ይኖራል፤ ኩላሊቱ ከተበላሸ ደግሞ ከረጢቱም ናፍቆት ይሆናል። ለማቆሙ የሚረዳው ሌላ ክፍል እንዳለ፣ ከነገ ወዲያ እንዲመለስ፣ እስከዚያ ሕመሙን የሚያስታግስ ኪኒን እንደምታዝለት ጨምራ ነገረችው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረች፤ «የምትጠይቂው አለ?» የሚል ዓይን ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ «ሥራ መሥራት ይችላል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷን ገረማት። ከዚያ ሁሉ ነገር መሃል ይሄን መምረጧ፣ ይሄንንም የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው መጠየቋ።

ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። አውቶቡሱ በቆመበት ቆሞ ቀረ፤ ወንድሟ «ልውረድ» አለ። ወረዱ። መጀመሪያ ያገኙት የባንክ በር ላይ የቆመ ጥበቃ እጁን አወዛውዞ መለሳቸው። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ለተስተናጋጅ ብቻ ነው» ሲሏት ሁለት ሻይ አዘዘች፤ ሻዩ ቀርቦ፣ ቀዝቅዞ፣ ወንድሟ ከውስጥ አልወጣም፤ አስተናጋጇ በሩን እየመታች «ወንድም፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ትላለች። ከዚያ ወጥተው ብዙም ሳይሄዱ እንደገና ያዘው። ሶፋና አልጋ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታ ለመነች። ሻጩ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየና «እዚህ ያለው ሁሉ አዲስ ዕቃ ነው፤ አትቀየሙኝ» አለ። ሲወጡ ወንድሟ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመስታወቱ ወዲያ ትልቅ የተነጠፈ አልጋ አለ፤ ሰው ቢያየው ዋጋውን የሚያነብ ነው የሚመስለው። እሷ ግን የሱሪው እግር እየጠቆረ ወደ ጫማው ሲወርድ አየች። የለበሰችውን ሹራብ አውልቃ ወገቡ ላይ አሰረችለት፤ እጅጌዎቹን ከፊት ቋጠረቻቸው። «መጋረጃ ቤቱ ቅርብ ነው» አለችው። እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ሄደች፤ እጁ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር።

የምትሠራበት መጋረጃ ቤት የተተኮሰ ጨርቅና የካውያ እንፋሎት ይሸታል። አለቃዋ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ሠራተኞቹ «ሜትር» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ለምዶ ይመልሳል። ሲገቡ ቀና ብሎ ወንድምየውን አየ፣ ሹራቡን አየ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የወርቅ ቀለም ያለው ከፋይ ቁራጭ ጎትቶ ወረወረላትና ደንበኛ እንዳለው ሰው ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ሄደ። ደንበኛ ግን አልነበረም። ወንድሟ ከጀርባ ከተደረደሩት ጥቅልሎች መሃል ሱሪውን አውልቆ ከፋዩን አገለደመ። እሷ ሱሪውን አጥባ ከቬንትሌተሩ ፊት ሰቀለችው። «የሆቴል እንግዳ መቀበያ መሰልኩ» አለ። «ለነገሩ የሆቴል መጋረጃ ነው» አለችው። ማሽኗ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን ጠርዝ ትሰፋ ጀመር፤ ጨርቁ ረጅም ነው፤ ከአንድ ጎን ገብቶ ከሌላው ጎን እየወጣ ወለሉ ላይ ይከመራል። እሱም እግሩን ሰብስቦ ጥቅልሎቹ ላይ ተደግፎ፣ የካርቶን ሣጥን አጠገቡ አድርጎ፣ መርፌው ሲወጣና ሲወርድ ያያል።

«ሲይዝህ ምንም አይሰማህም» አላት። «እጅህ የሰው ይመስልሃል። የሚያስጨንቅህ ነገር ሁሉ ከመስታወት ወዲያ ይሆናል፤ ታየዋለህ፣ አይነካህም። ለዚያ ነው ሰው የሚወደው።»

መጋረጃ ሰፊዋ መርገጫውን አላቆመችም። እሷ በአፍንጫዋ ምንም ሳትስብ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ መሆኗን አሰበች፤ ልትነግረው ግን ቃሉን መፈለግ ደከማት። «የቀረው የት ነው ያለው?» አለችው በምትኩ።

«የለኝም።»

«ቤዝ።»

«እማዬ ትሙት። እኔ ጋ ምንም የለም። ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ።»

«እሺ» አለችው። ማሽኗ ጠርዙን ጨርሳ ክሩ እስኪያልቅ ባዶ ሮጠች።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኮሪደሩ በሳሙና ውሃ ረጥቧል፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ እናታቸው በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በብሩሽ ትፈትጋለች። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ተስማማን» አለች ቀና ሳትል። «ጠዋትና ማታ እኔ አጥባለሁ፤ እነሱም ቁልፍ ቀረጹልን።» «ሁልጊዜ? አንቺ ብቻሽን?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ምን ችግር አለው፤ ከሁሉ የሚበዛው የእኛው አይደል?» ፀጉር ሠሪዋ ከበሯ ወጥታ በአጠገባቸው ስታልፍ «ደህና ዋላችሁ?» አለች፤ እናትየው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችላት፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ቆማ አየቻቸው። ብሩሹን መቀበል እንዳለባት ታውቃለች፤ ጫማዋን አወለቀችና ተቀበለች።

ኪኒኑን ውጦ ነበር፤ ግን ሳይመሽ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ትራሱን ነከሰ፤ ቀጥሎ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተጎተተ ዕቃ ያለ ድምፅ ከሆዱ ወጣ። መጋረጃ ሰፊዋ የሞቀ ውሃ ልታዘጋጅ ወደ ምድጃው ሄደች። ስትዞር እናቷ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ፣ ከደረቷ ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አውጥታ፣ ቋጠሮውን በጥንቃቄ ስትፈታ አየቻት። ከመሐረቡ ውስጥ ላስቲክ ወጣች። እናትየው የትንሿን ጣቷን ጥፍር ወደ ላስቲኳ አስገብታ ነጭ ዱቄት ዛቀችና፣ እንዳይፈስ በሌላው እጇ ከሥር እየተቀበለች ወደ መጋረጃው አመራች።

«እማ፣ ምንድነው እሱ?»

«መድኃኒቱ ነዋ» አለች እናትየው፣ መንገድ እንደተዘጋበት ሰው።

«ማን ሰጠሽ?»

«እሱ ነዋ። እንዳይበዛበት እኔ ጋ አስቀመጠው። ሲያመው ጥፍር የምታህል ብቻ እሰጠዋለሁ። ከዚያች አላስበልጥም፤ ቢለምነኝም አላስበልጥም።» ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። «ወዲያው ነው የሚተወው። የሐኪሞቹ ኪኒን ምን ፈየደ? ዝም ብለሽ ገንዘብሽን ጨረስሽ እንጂ።»

መጋረጃ ሰፊዋ የዶክተሯን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻት። ሳትጮኽ፣ ሳታለቅስ፣ ስለ ሌላ ቤት ልጅ እንደምታወራ ሆና ነገረቻት፤ ስለሚላጠው ፊኛ፣ ስለ ግማሽ ብርጭቆው፣ ስለ ከረጢቱ። እናትየው ጣቷን ወደ ላይ እንደያዘች ትሰማለች፤ ጥፍሯ ላይ ያለው ነጭ ነገር አልተነቃነቀም።

«እኔ እኮ ሲያመው ብቻ ነው የምሰጠው» አለች በመጨረሻ።

«የሚያመውም እሱ ነው፣ እማ።»

እናትየው መጋረጃውን በክርኗ ገለጠችው። ልጇ ተጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ከኋላ የሚታየው የጀርባው አጥንትና ጆሮው ብቻ ነው። «አንተ ታውቅ ነበር?» አለችው። ጆሮው ቀላ። «ብርድ ነው ያልከኝ አንተው ነህ። ዶክተር ያዘዘው ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ ተነሥቼ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። ወደ ባልዲው ሄደች። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ከዚያ ላስቲኳን ገልብጣ አራገፈች፤ መሐረቡንም አጥባ ጨመቀች፤ ባልዲውን ይዛ ወጥታ ባዶውን ተመለሰች። ይሄን ሁሉ ስታደርግ እንደ ዕለት ሥራዋ ነበር፤ አልተጣደፈችም።

«እማ» አለ ከመጋረጃው ወዲያ። «ትንሽ ብቻ። ለመጨረሻ።»

«የለም፣ ማሙሽ። ጨርሰነዋል።»

ከዚያ ብዙ ነገር ተናገራት፤ አንድ ልጅ ለእናቱ የማይለውን ሁሉ። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሩን ይዛ ሰማችው። ሲደክመው ልመና ጀመረ፤ ከልመናው ልቅሶ፤ ከልቅሶው ያው ድምፅ። ሄዳ ቆርቆሮውን አቀረበችለት፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት፤ «ከነገ ወዲያ ሐኪሟ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግማ። ግድግዳውን ከወዲያ በኩል ሰው መታ። መጋረጃ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ለነገ የሚሆን ክር በቀለም እየለየች ነበር፤ ቢጫውን ከወርቃማው ለመለየት እየሞከረች እንደገና ትቀላቅለዋለች።

እናትየው ከመጋረጃው ወጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። እጇን ዘረጋችላት። «መቀስሽን አውጪ» አለቻት። «ይሄን ቁረጪልኝ።»

የክር መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣች። የእናቷ እጅ ከውሃና ከሳሙና ተሸብሽቧል፤ የትንሿ ጣት ጥፍር ከሌሎቹ ረዝማ፣ ተሞርዳ፣ ተስተካክላ ነበር። ጥፍሯን በመቀሱ አፍ መሃል አደረገቻት፤ አልቆረጠችም። መቀሱን መልሳ ከፈተችው፤ እንደገና አስገባችው። እናቷ በሌላ እጇ የልጇን የእጅ አንጓ ያዘችላት፤ አብረው ጫኑ። ጥፍሯ ተቆርጣ ክሮቹ መሃል ወደቀች፤ የት እንደገባች አልታየም። ከመጋረጃው ወዲያ ልጁ «እማ» እያለ ይጣራል።

እናትየው እጇን አልሰበሰበችም። «የቀሩትንም» አለች።